ምን አለሽ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቁራሌውን ጥሪ አያውቅም ብትሉኝ አላምናችሁም። ጧት ገና የቡናው ጭስ ሳይበተን፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በየሰፈሩ ይዞራል። «ቁራሌው!» ይላል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ነበር ይባላል፤ ከመደጋገም ብዛት ተሸራርፎ ተሸራርፎ «ቁራሌው» ሆኖ ቀረ። የተበሳ ድስት፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፤ ምኑንም አይንቅም። ከዚያስ? ከዚያማ በክረምት ጎርፉ ሁሉ ወደ ወንዝ እንደሚወርደው፣ የከተማው አሮጌ ዕቃ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል።

ስሙን ልብ በሉልኝ። መርካቶ ውስጥ ብዙው ተራ የሚጠራው በሚሸጥበት ዕቃ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ሸራ ተራ እያልን። ይኼኛው ግን ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። «ምን አለሽ?» እዚያ የሄደ ሰው የሚጠየቀው ምን እንዳጣ አይደለም፤ ምን እንዳለው ነው። በርሜል አለኝ ካለ፣ በርሜሉ ተሰንጥቆና ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ያረጀ የመኪና ጎማ አለኝ ካለ፣ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። ባዶው ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ከፈረሰ ቤት የወጣው የተጣመመ ብረት በመዶሻ ተቃንቶ ለሚሠራ ቤት ይሸጣል። መዶሻው ከጧት እስከ ማታ አያርፍም። እዚያ ቆሞ መነጋገር ማለት መጮኽ ማለት ነው።

ለነገሩ መርካቶ ራሷ ከተሠራችበት ዓላማ ውጭ የዋለች ዕቃ አይደለችም እንዴ? በወረራው ዘመን ጣልያኖች የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱትና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ አሉት። ሐሳባቸው ነጩና ጥቁሩ ሳይቀላቀሉ በየፊናቸው እንዲገበያዩ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ተባረረ። ሕዝቡም «ኢንዲጄኖ» የምትለዋን ቃል አራግፎ ጥሎ «መርካቶ»ን አስቀረ፤ መለያያ እንዲሆን የታቀደውን ሥፍራም አገር የሚገናኝበት አደረገው። ዕቃ ሁሉ ሠሪው ያሰበለትን ብቻ ሆኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ መርካቶም ዛሬ የምናውቃት መርካቶ ባልሆነች።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንዲት ግራጫ ኪንድል ልነግራችሁ ነው።

የዶርም ጓደኛዬ ዓይኑ ብርሃን አይችልም። ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ዓይን ነው። የወረቀት መጽሐፍ በቀን ብርሃን ያነባል፤ ኮምፒውተር ፊት ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ ግን እንባው ይወርዳል፣ ራሱን ይፈልጠዋል። ሐኪም ዘንድ ሄደ። «ከስክሪን ራቅ» ተባለ። መልካም ምክር ነው። ግን የዛሬ ተማሪ ከስክሪን ርቆ ወዴት ይሄዳል? የሚነበበው ሁሉ በቴሌግራም ይመጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በኮምፒውተር ነው። አማካሪው እርማቱን የሚልከው በኮምፒውተር ነው። ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ የዊዝድሮው ፎርም አምጥቶ ትራሱ ላይ አስቀምጦት አየሁ። አስቡት፤ እናቱ አገር ቤት የምርቃቱን ቀን በጣታቸው እየቆጠሩ!

«ተው እንጂ» አልሁት።

«ተውሁትና ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኪንድሏ አክስቱ ከዋሽንግተን በሰው የላኩለት አሮጌ ዕቃ ናት። መጽሐፍ ልግዛባት ቢል እኛ የሌለንን የውጭ ባንክ ካርድ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ሻንጣው ሥር ተቀብራ ኖራለች። ያን ሰሞን ዕቃውን ሊሸክፍ ሻንጣውን ሲከፍት አገኛትና አበራት። ድሮ ተጭኖባት የነበረ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከፍቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ዓይኑ አላነባም። «ወረቀት ናት እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። የኪንድሏ ገጽ ከራሱ ብርሃን አይተፋም። እንደማንኛውም ወረቀት ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የመጣውን ብርሃን መልሶ ያሳያል። ከገጹ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ በዓይን የማይለዩ እጅግ ብዙ ከረጢቶች አሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛል። የአንዱ የኤሌክትሪክ ሙል አዎንታዊ፣ የሌላው አሉታዊ ነው። ኤሌክትሪኩ ወዲህ ሲስብ ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወዲያ ሲስብ ነጩ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ብናኙ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ኃይል የምትበላው ገጽ ስትለውጥ ነው እንጂ ገጹን ስታሳይ አይደለም። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ከፕሮፌሰር ጆሴፍ ጄከብሰን ጋር ሆነው የሠሩት ባሬት ኮሚስኪና ጄ.ዲ. አልበርት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። እንደ እኔና እንደ እናንተ! ልዩነቱ የካፌው ወጥ ይሆን? አማዞን የተባለው ኩባንያ ደግሞ ያንኑ ገጽ ይዞ የመጀመሪያዋን ኪንድል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007፣ እኛ አገር ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ለገበያ አወጣ።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አላለቀም። አማርኛ ብንከፍትባት ፊደሉን ትታ ባዶ ሣጥን ደረደረችልን። ጓደኛዬ የሚጽፈው ደግሞ ስለ ግዕዝ ቃላት ነው። ያለ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት አንድ እርምጃ አይራመድም። ያ መዝገበ ቃላት ራሱ የሦስት ሰው ዕድሜ የፈጀ ሥራ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ተማሪያቸው ኪዳነ ወልድ ቀጠሉት፤ እሳቸውም ሳይታተም ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ዳር አድርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። እኛ ያለን እየገጹ ፎቶ የተነሣው ፋይል ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ ኪንድሏ ገና ስትከፍተው ደክማ ትቆማለች። ላፕቶፑ ግን ያለ ችግር ይከፍተዋል። እንግዲህ ችግራችንን ተመልከቱልኝ፤ ዓይን የሚችላት አንጎል የላትም፤ አንጎል ያለውን ዓይን አይችለውም።

ሁለቱን ማጋባት አይቻልም ወይ? ይቻላል። የብልሃቱም ታሪክ አንድ ጫፉ ቡና ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1991 ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምፒውተር ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ትሮጃን ሩም በሚባል ክፍል አንዲት የቡና ማፍያ ነበረች። ሌላ ክፍልና ሌላ ፎቅ ያሉት ተመራማሪዎች ለቡና ብለው ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ባዶ ሆና እያገኟት ተማረሩ። ስለዚህ ካሜራ ተከሉባትና ግራጫ ምስሏን እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ሆኖ በኮምፒውተሩ እንዲያይ አደረጉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ዘንድ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል እንጂ ካሜራ አይተከልም። ያም ሆነ ይህ፣ ካሜራውን ከተከሉት አንዱ ክዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘር በኋላ እዚያው ኬምብሪጅ በኦሊቬቲ ላቦራቶሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ዘዴ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1998ም ለማንም በነፃ ተለቀቀ።

ዘዴው ይህ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ሥራውን ሁሉ ይሠራል፤ ፋይሉን ይከፍታል፣ ፊደሉን ይስላል። የሚልከው የገጹን ምስል ብቻ ነው፤ ያውም ሙሉውን ሳይሆን የተለወጠውን ቁራጭ ቆርጦ። ወዲህ ያለው ዕቃ ምስሉን ተቀብሎ ያሳያል፤ ጣት ሲያርፍበት ደግሞ «እዚህ ጋ ተነካሁ» ብሎ ይመልሳል። ሌላ ምንም አይጠበቅበትም። ስለዚህ ኪንድሏ «ሀ»ን ከ«ሁ» ሳትለይ ግዕዝ ልታሳይ ትችላለች ማለት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሌላውን ደብዳቤ በታማኝነት ይዞ እንደሚያደርሰው።

የቀረው በሯ ነው። የኪንድል ውስጧ ሊኑክስ ነው፤ ማንም ከፍቶ እንዲያየውና እንዲለውጠው በነፃ የተሰጠ ሥርዓት። ኩባንያው ግን ከላይ ቆልፎበታል። ቁልፉን ማለፍን ፈረንጆቹ «ጄይልብሬክ» ይሉታል፤ እስር ቤት መስበር እንደ ማለት። ይህን የሚያውቅ ሰው የት ይገኛል? መርካቶ ነዋ!

ከምናለሽ ተራ ብዙ የማይርቅ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ፣ ስፋቱ ከዶርም አልጋችን የማይበልጥ የሞባይል መጠገኛ አለ። ባለሱቁ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ኪንድሏን ገለበጠ፣ አገላበጠ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«መጽሐፍ ማንበቢያ ናት።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም።»

«እንዴ! ደህና ዕቃ ይዛችሁ ነው እኔ ጋ የመጣችሁ?» ብሎ ሳቀ። የምንፈልገውን አስረዳነው። አንዴም ሳያቋርጥ ሰማንና «ዲኮድ በሉኛ!» አለ። «ባንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ከውጭ የመጣ ስልክ ስንቱን ከፍቻለሁ! ይቺን ግን ከፍቼ አላውቅም፤ እንሞክራት። ካልሆነልኝ ሳንቲም አልቀበላችሁም።»

«ከሆነልህስ?»

«1,200 ብር።»

«ኧረ የተማሪ አድርገው፤ 500» አልሁት።

«ወንድሜ፣ ተማሪ እኮ ማለት የነገ ሚኒስትር ነው።»

«ዛሬ ግን የካፌ በላተኛ ነው» አለ ጓደኛዬ። በ800 ብር ተስማማን።

መጀመሪያ ያደረገው ዋይፋይዋን መዝጋት ነበር። «ከኩባንያው ጋር ከተገናኘች አፕዴት ታወርድና በሩን መልሳ ትዘጋብኛለች» አለ። የሶፍትዌሯን ቁጥር አየ፤ ለዚያ ቁጥር የሚስማማውን መክፈቻ ከኢንተርኔት ፈልጎ አወረደ፤ በገመድ ጫነባት። አንዴ አልሆነም። ሁለተኛም አልሆነም። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ከኋላችን ተኮለኮሉ። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ዛሬ ያልቃል?» አሉን። በሦስተኛው ሆነ። ከዚያ ምስል መቀበያውን ጫነባት፤ ላፕቶፑንና እሷን በአንድ ስልክ ሆትስፖት አገናኛቸው። ገጿ ጠቆረ፤ ነጣ፤ እንደገና ጠቆረ። ከዚያ የኪዳነ ወልድ ገጽ ዓምዱን እንደያዘ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

ጓደኛዬ ኪንድሏን ነጥቆ ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ ወጣ። ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ይገፋዋል፤ እሱ ያነባል። ምንም አልተናገረም።

«ይታያል?» አለ ባለሱቁ ከውስጥ።

«ይታያል።»

ስንሄድ ምክር ጨመረልን። «በየካፌው ዋይፋይ ላይ እንዳታበሯት። የላፕቶፑ ገጽ በአየር ላይ ነው የሚሄደው፤ ሌላ ሰው እንዳያይባችሁ በራሳችሁ ስልክ ብቻ አገናኟት።» ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩ የኢንተርኔት ካርድም አይበሉም። ይህን ስንሰማ ደስታችን እጥፍ ሆነ።

ታክሲ ውስጥ ጓደኛዬ «ይኼ ነገር ስርቆት ይሆን እንዴ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ጥያቄው ከእኔም ጋር ሰነበተ። አንድ የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009፣ በእኛ ሐምሌ 2001 ዓ.ም.፣ አማዞን የመሸጥ መብት የሌለው ወገን ያቀረባቸው መጻሕፍት ናቸው ብሎ ሰዎች ከፍለው የገዟቸውን መጻሕፍት ከየኪንድላቸው በሩቅ አጠፋቸው። ገንዘባቸውን መልሶላቸዋል፤ ኃላፊውም በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ከጠፉት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» መሆኑ የታሪኩ ፌዝ ነው። ከተጎዱትም አንዱ በሚሺጋን የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ለትምህርት ቤት ሥራው በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ እየያዘ ነበርና፣ መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻው ለማንም የማይገባ ሆነ። ከሰሰ፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። እንግዲህ እጃችሁ ላይ ያለ ዕቃ ሌላ ሰው ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ እጁን የሚሰድበት ከሆነ የማን ነው ይባላል? የደራሲን መጽሐፍ ሳይከፍሉ ማባዛት ስርቆት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የራስን ዕቃ ከፍቶ ሌላ ሥራ ማሠራት ግን ምኑ ላይ ነው ስርቆቱ? በርሜል ገዝቶ ምድጃ ያደረገን ሰው ዘይት ፋብሪካው ይከሰዋል?

አሁን ዶርማችን ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ አልጋ ሥር ክዳኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ገጹን ማንም አያየውም። ኪንድሏ መስኮቱ ላይ በሁለት መጽሐፍ ተደግፋ ትቆማለች። ጓደኛዬ ከላፕቶፑ ጋር በተገናኘ ኪቦርድ ይጽፋል። አንድ ቃል ይመታል፤ ቃሉ ቆየት ብሎ ይመጣል። ሲያጠፋ የጠፋው ፊደል ጥላው ይቀራል፤ ገጿ አንዴ ጠቁራ ካልነጣች አይለቅም። ቀለም የላትም። ቪዲዮ እንዳታስቡት። በችኮላ ገጽ ልግለጥ የሚል ሰው ያብዳል። ማታ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሻማ ያስፈልጋታል፤ ያው ወረቀት ናትና። ይሁን እንጂ ዓይኑ አያለቅስም። የዊዝድሮው ፎርሙ ጀርባ ላይ የምዕራፍ ሁለት ዝርዝር ተጽፎበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ታዘብሁ። አጻጻፉ ተለወጠ። ቃሉ ዘግይቶ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ሳይጨርስ ኪቦርድ አይነካም። እኔ በአንድ ማታ አምስት ገጽ ጽፌ በማግሥቱ አራቱን እሰርዛለሁ፤ እሱ አንድ ገጽ ይጽፋል፣ ገጿም ትቆማለች። ዝግመቷ በጎ ነው ልል አይደለም። ብትፈጥንለት እሱ ራሱ ይመርጣል፤ ጠይቄዋለሁ።

እኔ ታዲያ በግኝታችን ሰክሬ ለዶርሙ ሁሉ ምናለሽ ተራን ሳሞግስ ሰነበትሁ። አንድ ማታ ጓደኛዬ አቋረጠኝ።

«ባክህ ምናለሽ ተራን አታሞግስብኝ» አለ። «በርሜሉን ሲቀጠቅጥ የሚውለውን ሰውዬ አይተኸዋል? ስታናግረው አይሰማህም። ጆሮውን መዶሻው በልቶታል። እሱ ምድጃ የሚሠራው ብልኅ ስለሆነ ብቻ ነው? ሌላ ሥራ ስለሌለው አይደለም? እኔስ አክስት ባይኖረኝ፣ አክስቴም አዲስ ኪንድል ባይገዙ፣ አንተም ባትነዘንዘኝ፣ ይኼኔ አገሬ ገብቼ ከብት እጠብቅ ነበር። ይኼ ዕድል እንጂ መፍትሔ ነው?»

ዶርሙ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሳስበው፣ የእሱ አባባል የእኔን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያሟላ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው የምናለሽ ተራው ነው፤ «ምን አለሽ?» እሱን ያልጠየቀ ሰው ሻንጣው ሥር ያለውን ዓይን ሳያየው ዊዝድሮው ይሞላል። ሁለተኛው ግን «ለምን ይኼ ብቻ አለሽ?» ነው። እሱን ያልጠየቀ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ በርሜል ሲቀጠቅጥ ይኖራል፤ የመዶሻውንም ድምፅ ሙዚቃ ነው እያለ ለሌላው ያወራል። እኛ ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ እናሳምረዋለን፤ ሁለተኛውን ስንጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ዓይኑ ለታመመ ተማሪ ንባቡን በወረቀት አትሞ መስጠት ይህን ያህል ከባድ ነው? አንድ ማተሚያ፣ አንድ ሰው፣ ትንሽ ወረቀት። ይህን በአድራሻ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል ልናስገባ ነው። መፈረም የሚፈልግ ይምጣ።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። ለካስ ብቻችንን አይደለንም። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ስክሪን የማይችሉ ሁለት ልጆች መጥተው አነጋግረውናል፤ አንዷ ከታች ክፍል ናት፤ ሴሚስተሩን እንደምትጨርስ እርግጠኛ አይደለችም። ከእናንተ መካከል ዘመድ የላከለት፣ ተሰብራለች ወይም አርጅታለች ተብላ መሳቢያ ውስጥ የቀረች ማንበቢያ ያለው ሰው ይኖራል። አምጡልን። ዋይፋይዋን ግን እንዳትከፍቱ። ባለሱቁ ለሚቀጥሉት ሁለቱ 500 ብር ብቻ እንደሚቀበለን ቃል ገብቶልናል። በሩን ስለሚያውቀው ካሁን በኋላ ሦስት ጊዜ አይሞክርም።

እና እስቲ ንገሩን፤ ምን አላችሁ?